የስሜን ተራሮች ከእናቴ ጋር፦ ለማይቸኩል ሰው የደባርቅ አገልግሎት እንዴት ነው?

ጎንደር ውስጥ ዳሽን ቢራን የማያውቅ የለም። ራስ ዳሽንን በዓይኑ ያየ ሰው ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ብሔራዊ ቡድናችንን ዋልያዎቹ እንላለን፤ ዋልያን የምናውቀው ግን ከማልያ ላይ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። እኛ ግን ስሜንን ለፈረንጅና ለጎረምሳ ትተነዋል። «ድንኳን ተሸክሞ ገደል ለገደል መንከራተት ነው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን፣ ባለቤቴንና ታናሽ እህቴን ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ይህ ግምገማ ጫፍ ላይ ለመውጣት ለሚያስብ ስፖርተኛ አይደለም። ምንጣፍ አንጥፎ፣ ሻይ ይዞ፣ አገር እያየ መዋል ለሚፈልግ ሰው ነው። የምገመግመው ደባርቅ ላይ የሚገኘውን አገልግሎት ነው፦ አስጎብኚ፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ ጠባቂ)፣ በቅሎ፣ ምግብ አብሳይ፣ መኪናና ማደሪያ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሰዎቹ ግሩም ናቸው። መኪናውና ማደሪያው ግን ብዙ ይቀረዋል።

ከመኪናው ልጀምር። ከጎንደር የተከራየነው «ላንድክሩዘር ነው» ተብለን ነበር። ጠዋት በራችን ላይ የቆመው ግን ጎማው ያለቀ ሚኒባስ ነው። ደላላው ስልክ አያነሳም። እናቴ ለባብሳ፣ ስንቁ ተቋጥሮ ሲያበቃ «አንሄድም» ማለት ከበደኝና ተሳፈርን። ሹፌሩ ገና ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን ሳናልፍ ስንት ሰዓት እንደምንመለስ መጠየቅ ጀመረ። እኛ ደግሞ ላለመቸኮል ነው የወጣነው!

ቢሆንም ኮሶዬ ላይ አስቁመነዋል። ኮሶዬ ከጎንደር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ናት። አብዛኛው ሰው በመስኮት አይቷት ነው የሚያልፈው፤ ያሳዝናል። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ትንሽ ገባ ስትሉ መሬቱ በአንድ ጊዜ ያበቃና ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያችኋል። ጠዋት ከሆነ ጉም ከሸለቆው ቀስ እያለ ሲወጣ ታገኙታላችሁ። ምንጣፍ አንጥፈን ከቴርሞስ ሻይ ጠጣን። እማዬ የነቢያት ጾም ላይ ስለነበረች አልቀመሰችም፤ ቁጭ ብላ በማየት ግን ሁላችንንም በለጠችን። ጊዜ የሌለው ሰው ኮሶዬ ድረስ ብቻ ሄዶ ቢመለስ እንኳ አይቆጨውም። ለግማሽ ቀን ሽርሽር ከዚህ የተሻለ ቦታ በአቅራቢያችን አላውቅም።

አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን ሳንቆም አልፈን ደባርቅ ገባን። እዚህ ላይ ዋናውን ምክሬን ስሙኝ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ 2,800 ትዘላለች። ፓርኩ ውስጥ ካሉት ማደሪያዎች ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው፤ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 በላይ። በመኪና ከጎንደር ተነስቶ በዚያው ቀን ጨነቅ መድረስ ይቻላል። ሰውነት ግን ከመኪናው እኩል አይሄድም። አየሩ ሲሳሳ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ጂኦግራፊ አስተምራለሁና ይህን በጠመኔ ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ በደረጃ ስትወጡ የሚሰጠውን ልዩነት ግን እማዬ ላይ ነው ያየሁት። ደባርቅ አድራ፣ ውሃ በደንብ ጠጥታ ስለወጣች ራሷን እንኳ አላመማትም። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ባይነሳ ይሻላል።

ያደርንበት ሆቴል አልጋው ንጹሕ ነበር፣ ብርድ ልብሱም ወፍራም። «ሙቅ ውሃ አለ» ተብለን ነው የያዝነው። ማታ ቧንቧውን ስንከፍተው የሚወርደው በረዶ ነው። «መብራት ሲመጣ ይሞቃል» አሉን። መብራቱ የመጣው ሁላችንም ከተኛን በኋላ ነው። ባለቤቴ ወጥ ቤት ድረስ ሄዶ በባልዲ የፈላ ውሃ አምጥቶ ነው እማዬ የታጠበችው። በደባርቅ ብርድ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። መብራት እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሆቴል አንድ ትልቅ ድስት ውሃ እሳት ላይ ጥዶ ቢያቆይ ምን ነበረበት? ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ቧንቧውን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር ልምጣ።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። መግቢያ የሚከፈለው እዚያ ነው። ለኢትዮጵያዊ ክፍያው ከውጭ ዜጋ በብዙ ስለሚያንስ መታወቂያ መያዝ አትርሱ። መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሯችሁ መሄዱ ግዴታ ነው። በቅሎና ምግብ አብሳይ እንደ ፍላጎታችሁ ነው። አስጎብኚም እዚያው ይገኛል፤ እኛ ያገኘነው የደባርቅ ልጅ ነው። ገና ሰላምታ እንደተለዋወጥን እኛን ትቶ ወደ እማዬ ዞረ።

«እማማ፣ ጉልበትዎ የሚያምዎት ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ?»

«ቁልቁለት ላይ ነው ልጄ። ዳገቱንስ እየተነፈስኩ እወጣዋለሁ።»

«እንግዲያው መኪናው ከታች ያውርደንና ሽቅብ እንሄዳለን። ላይ ይጠብቀናል። ሲደክምዎት በቅሎዋ አለች።»

በዚህች አንድ ጥያቄ የቀኑ ፕሮግራም በሙሉ ተቀየረ። ሌላው ሰው የሚወርደውን መንገድ እኛ ወጣነው። ቀጥሎ ስለ ጾሙ ጠየቃት። እህል የምትቀምሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ መሆኑን ሲሰማ ረጅሙን እግር ጉዞ ከምሳ በኋላ አደረገው። ብዙ ገንዘብ የሚከፈልባቸው ቦታዎች ሄጄ እንደዚህ የጠየቀኝ ሰው አላውቅም። እኔ አገልግሎት የምለው ይህን ነው።

ሚኒባሱንም እዚያው ሸኝተነው በአስጎብኚው በኩል ከፍ ያለ፣ ጠጠር መንገዱን የሚችል መኪና ተከራየን። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር መንገዱ አስፋልት አይደለም። አዲሱ ሹፌር «ቁም» ስንለው ይቆማል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ አብሮን ያያል።

ዝንጀሮዎቹን ለማየት በሌሊት መነሳት አያስፈልግም። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ነው የሚያድረው፤ ፀሐይ ሳይሞቀው ወደ ሜዳው አይወጣም። ስለዚህ ተኝተን፣ እኛ ቁርስ በልተን፣ ረፋድ ላይ ደረስን። መቶ የሚሆኑ ጭላዳዎች መስኩ ላይ ተበትነው ነበር። አስጎብኚው ጥቂት እርምጃ ራቅ አድርጎ አስቀመጠን። «ምግብ አታሳዩ፣ አትንኩ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» አለን። ተቀመጥን። ትንሽ ቆይተው እነሱ ራሳቸው ቀረቡን።

እጃቸውን አስተውሉ። ጭላዳ እንደሌላው ዝንጀሮ ፍሬ ፍለጋ ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ዋና ቀለቡ ሣር ነው። በመቀመጫው ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነቅላል። ቀኝ ይነቅላል፣ ግራ ይነቅላል፣ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል። ከዚያ ሳይነሳ በመቀመጫው ሸርተት ብሎ ወደሚቀጥለው ሣር ያልፋል። ሰው ዝም ሲል የሣሩ መበጠስ ጥር ጥር እያለ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ደም ይመስላል። አንዱ ትልቅ ወንድ ፀጉሩ ትከሻውን ሸፍኖ፣ ነፋስ እያርገበገበው በፊታችን አለፈ። እማዬ «ጎፈር ያጠለቀ ፊታውራሪ!» ብላ ከወንበሯ ልትነሳለት ምንም አልቀራት። እህቴ ቪዲዮ ስታነሳ ቆይታ በመጨረሻ ስልኳን ኪሷ ከተተችው።

እዚያ ቦታ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጠናል። ማንም «እንሂድ» አላለንም።

ስሜን ለምን እንዲህ እንደሆነ ለሚገርመው ሰው ሁለት ቃል ልበል፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እነዚህ ገደሎች ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ላይ የተቆረሱ ናቸው። ቅልጥ ድንጋዩ ንብርብር ሆኖ ቀዘቀዘ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ሸረሸሩት። በሰሜን በኩል ከጠርዙ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ንብርብሩ በዓይን ይቆጠራል። ታች የቀሩት ሹል አምባዎች ውሃው ያልጨረሳቸው ናቸው። ተማሪዎች ይዤ መጥቼ ይህን ባሳያቸው የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነበር።

የጅንባር ፏፏቴን ለማየት ከመኪና መንገዱ አጭር የእግር ጉዞ አለ። አስታ በሚባል ዛፍ ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። አስታው ላይ የተንጠለጠለው ሽበት የመሰለ ነገር ሁሉ በነፋስ ይወዛወዛል። መጨረሻው ጠባብ ወጣ ያለ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ባይሄድ አልፈርድበትም። እማዬ በበቅሎ እስከ አቅራቢያው ደረሰች፤ የመጨረሻዋን ቁራጭ መንገድ ግን ትታ ከበቅሎ ነጂው ጋር ስታወራ ጠበቀችን። ውሃው አምስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። በእኛ ጊዜ ቀጥኖ ነበር። ሙላቱን ማየት የሚፈልግ መስከረምና ጥቅምት ይሂድ።

በቅሎ ነጂው የግጭ ሰው ነው። ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። ነዋሪዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወጥተው ደባርቅ ላይ ሰፍረዋል። እማዬ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ከተማ እንዴት እንደለመዱት ስትጠይቀው ቆየች። ስንመለስ ዘመድ ሆነዋል። እኛ የምናየው ለምለም መስክ የእነዚህ ሰዎች ቀዬ ነበር። ለበቅሎና ለነጂው የሚከፈለውን ብር ስትከራከሩ ይህን አስቡ። እኔ አልተከራከርኩም።

አዳራችን ሳንቃበር በድንኳን ነበር። የፈራሁትም ይህን ነው። ፀሐይ እንደገባች ብርዱ ይነክሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስካውታችን ጋቢ የደረቡ፣ ብዙ የማይናገሩ አዛውንት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ክላሻቸውን አንግተው ከእማዬ ኋላ ነበሩ። ማታ ምግብ አብሳዩን ውሃ አስፈልተው፣ ትንሽ በረድ አድርገው ሁለት ሃይላንድ ሞሉ። በነጠላ ጠቅልለው «ከእግርዎ ሥር ያድርጉት» ብለው ለእማዬ ሰጧት። እኛም ተቀበልን። ጠዋት እማዬ «ከቤቴ በላይ ሞቆኝ አደርኩ» አለች። የተከራየናቸው የመኝታ ከረጢቶች ግን ስስ ናቸው፤ የአንዱ ዚፕም ተበላሽቷል። ደባርቅ ላይ አስከፍታችሁ፣ ዘርግታችሁ አይታችሁ ተቀበሉ። ጋቢ፣ ካልሲና ኮፍያ ከቤት ያዙ። ሶፍትም እንዳትረሱ።

ምግቡ? ጥሩ ነው፤ ግን ተናገሩ። አብሳዩ የለመደው ለፈረንጅ ነው፤ ፓስታና ሾርባ ያቀርባል። «የጾም ምስር፣ ሽሮና ጎመን ሥራልን» ስንለው ፊቱ በራ። ያን ዕለት ማታ የበላነው ሽሮ ከጎንደር ቤቶች ከብዙዎቹ ይበልጣል። ጠዋት ለማይጾመው ገንፎ ሠራ። በቀን ደግሞ ቆሎና በሶ ይዘን ነበር። አገሩ የገብስ አገር ነው፤ ደባርቅ ገበያ ላይ ደህና በሶ ታገኛላችሁ።

በማግስቱ ወደ ጨነቅ ወጣን። መንገዱ ዳር ጅብራ የሚባለው ተክል ቆሟል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ። ጨነቅ ላይ አስጎብኚው ባይናኩላሩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ረጅም ጊዜ ገደሉን አሰሰ። ከዚያ እማዬን ጠራት። እኔ ተራዬ ደርሶ ሳይ አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ ጠባብ እርከን ላይ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ ጀርባው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ከሥሩ ባዶ ነው፣ እሱ ግን ቅጠል ይቀነጥባል። ዓለም ላይ ዋልያ ያለው እዚህ ተራራ ላይ ብቻ ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ዋልያው እያለቀ፣ እርሻና ግጦሹ እየገፋ ሲመጣ «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። ሲያዩት ግን ዓይን ያስለቅሳል፤ አለቀስኩም። ቀይ ቀበሮ አላየንም።

ከጨነቅ በላይ መኪናው ወደ ቧሂት መተላለፊያ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በእግር መውጣት አያስፈልግም። እዚያ ቆማችሁ ከሸለቆው ማዶ ራስ ዳሽንን ታያላችሁ። እኔ በተማርኩበት ጊዜ 4,620 ሜትር ነበር የሚባለው፤ አሁን የሚሠራበት ልኬት 4,550 ነው። ከሩቅ ሲታይ ሹል አይደለም፤ ሰፊ፣ ረጋ ያለ፣ ድንጋያማ ጫፍ ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ አልቆየንም። እማዬን አየሩ ትንሽ ሲከብዳት አስጎብኚው ሳንነግረው አይቶ ወደ ታች መለሰን።

ጊዜ ስትመርጡ ይህን አስቡ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ፏፏቴውም ሙሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ከየካቲት በኋላ ሣሩ ይደርቃል፣ አድማሱም ይደበዝዛል። ክረምት ጉም ነው። የጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ይሞላል፤ መኪናም አልጋም ይወደዳል። የጎንደር ሰው ከሆናችሁ ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ ውጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ደባርቅ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ስለ መንገዱ ጸጥታ ጠይቁ። ጸጥታው ካላስተማመናችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ዋጋው እንደ ነዳጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቁጥር አልጽፍም። ወጪው የሚከብደው በመኪናው ነው፤ ስለዚህ አራት አምስት ሆናችሁ ብትሄዱ ይቀላል። ስትዋዋሉ ነዳጅ፣ የሹፌሩ አዳርና የሠራተኞቹ ቀለብ ማን ላይ እንደሆነ በወረቀት አስጽፉ። ጥሬ ብር ከጎንደር ይዛችሁ ውጡ፤ ደባርቅ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ካርድ አይሠራም። ለአስጎብኚው፣ ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂው ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ለአብሳዩም እንዲሁ። ለሆቴሉ ግማሽ፣ ለመኝታ ከረጢቱ ከዚያም በታች።

መኪናውን ግን ከጎንደር አትከራዩ። በሚኒባስ ደባርቅ ድረስ ሄዳችሁ እዚያው ያዙ፤ መንገዱን የሚያውቀው፣ ቁም ሲባል የሚቆመውም የደባርቁ ሹፌር ነው።